ኮንሰርቱ ነበር፤ ጋዜጣው ግን አልሰማም

አራት ሰዎች ሦስት ወር ሙሉ የተለማመዱትን ኳርቴት፣ ለአራት መሳሪያ የተጻፈ ሙዚቃ፣ ይጫወታሉ፤ አዳራሹ ቆሞ ያጨበጭባል፤ በማግስቱ ጋዜጣው ሲገለጥ ስለ ምሽቱ አንዲት መስመር የለችም። አነስተኛ የክላሲካል ሙዚቃ ኮንሰርቶችን ስናዘጋጅ ባሳለፍናቸው ዓመታት ይህ ነገር ደጋግሞ አቃጥሎናል። ጥፋቱንም ሁሉ ለሚዲያው ሰጥተን ነበር፤ ከኳስና ከዝነኞች ወሬ ሌላ አይታየውም እያልን። ከዚህ ምሬት ግማሹ ዛሬም እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን የገዛ እጃችን ሥራ ሆኖ አገኘነው። የምጽፍላችሁ ስለዚያኛው ነው፤ ልታስተካክሉት የምትችሉት እሱን ስለሆነ።

መጀመሪያ ነገሩን አርታኢው ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ እዩት። ቴአትር ለወራት ስለሚታይ ስለ እሱ የተጻፈ ሂስ አንባቢን ቲኬት ያስቆርጣል። የእኛ ኮንሰርት የአንድ ምሽት ነው፤ ሂሱ ሲወጣ አንባቢው የሚነገረው ስላመለጠው ነገር ነው። የሚያልቀውም አብዛኛውን ጊዜ የነገው ጋዜጣ ገጽ ከተዘጋ በኋላ ነው። በዚያ ላይ ኖታ የሚያነብ ሰው ያለው የዜና ክፍል ጥቂት ነው። ወደ እናንተ የሚላከው ሪፖርተር ጠዋት ፍርድ ቤት ውሎ የመጣ ሊሆን ይችላል። ይህ ሰው ሙዚቃውን አይንቅም፤ የሚፈራው መሳሳትን ነው። ለአንድ ወይም ለሁለት መሳሪያ የተጻፈውን ሶናታ ለሙሉ ኦርኬስትራ እንደሚጻፈው ሲምፎኒ ብሎ ቢጽፍ የሚስቁበት አዋቂዎች እንዳሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ባይጽፍ ይመርጣል። ለረጅም ጊዜ ንቀት ነው ስንለው የኖርነው በአብዛኛው ይህ ፍርሃት ነበር። ለጋዜጦች የምንልካቸው መግለጫዎች ደግሞ ፍርሃቱን ያባብሱት ነበር።

ከጽሑፉም በፊት ግን ያጠፋነው በጊዜው ነው። ፖስተሩ ሲለጠፍ መግለጫውም አብሮ ይላክ ነበር፤ ኮንሰርቱ ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው። ያ ለጋዜጠኛ ጥሪ ሳይሆን መርዶ ነው። አሁን ለወርሃዊ መጽሔት ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት፣ ለሳምንታዊ ጋዜጣ አራት ሳምንት፣ ለዕለታዊ ጋዜጣና ለሬዲዮ ሁለት ሳምንት ተኩል ያህል ቀደም ብለን እንልካለን። ሦስት ቀን ሲቀር አንዲት አጭር ማስታወሻ ትከተላለች፤ ከዚያ በላይ መነዝነዝ ነው፤ ቀጥሎ የምትልኩት ሁሉ ሳይከፈት ይቀራል።

የምትጠይቁትንም ለዩ። ከኮንሰርቱ በኋላ የሚወጣ ሂስ ሳይሆን ከኮንሰርቱ በፊት የሚወጣ ጽሑፍ ጠይቁ። የዚህ ጥሩው ምሳሌ በርሊን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1829 የሆነው ነው። ገና ሃያ ዓመት የሞላው ፌሊክስ ሜንደልሶን ለአሥርተ ዓመታት ተረስቶ የቆየውን የባኽን የማቴዎስ ሕማማት፣ ለመዘምራንና ለኦርኬስትራ የተጻፈውን ትልቅ ሥራ፣ ሊመራ ሲዘጋጅ፣ የአንድ ሙዚቃ ጋዜጣ አዘጋጅ የነበረው አዶልፍ በርንሃርድ ማርክስ ሳምንታት ቀደም ብሎ ስለ ሥራው ተከታታይ ጽሑፍ ያወጣ ጀመር። የጻፈው ስለ አዘጋጆቹ ሳይሆን ሙዚቃው ምን እንደሆነና ለምን መሰማት እንዳለበት ነበር። ማርች 11 ቀን አዳራሹ ሞልቶ ብዙ ሰው ከበር ተመለሰ፤ በዚያው ወር በ21ኛው ቀን፣ በባኽ የልደት ቀን፣ ኮንሰርቱ ተደገመ። (ማርክስ የሜንደልሶን ወዳጅ ነበር። ዛሬ ቢሆን የጥቅም ግጭት ነው ብለን እንጮህበት ነበር፤ ባኽ ግን አተረፈ።)

ቀን ስትቆርጡ ደግሞ የሌላውን ድግስ ዕወቁ። ቤትሆቨን እንኳ በዚህ ተመትቷል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 22 ቀን 1808 ቪየና ውስጥ አምስተኛውንና ስድስተኛውን ሲምፎኒ፣ አራተኛውን የፒያኖ ኮንቸርቶ፣ ከጻፈው የቅዳሴ ሙዚቃ ክፍሎችና ሌላም ሌላም ጨምሮ በአንድ ምሽት አቀረበ። በዚያው ሌሊት ለሙዚቀኞች ባልቴቶች የሚሰጠው የበጎ አድራጎት ኮንሰርት በሌላ ቴአትር ስለነበር ደህና ደህናዎቹ ተጫዋቾች ወደዚያ ሄደው ነበር። ልምምዱ አልበቃም፤ አዳራሹ በብርድ ያንቀጠቅጣል፤ ዝግጅቱ ከምሽቱ 12:30 ጀምሮ እስከ 4:30 ዘለቀ። መጨረሻ ላይ ለፒያኖ፣ ለመዘምራንና ለኦርኬስትራ የተጻፈው የኮራል ፋንታሲያ መሐል ላይ ተበላሽቶ እንደገና ተጀመረ። በሙዚቃ ታሪክ ከተሰሙ ምሽቶች ሁሉ ትልቁ ሊሆን ይችላል፤ በቦታው የነበሩት ጸሐፊዎች ግን ከሙዚቃው እኩል ያስታወሱት ብርዱንና ርዝመቱን ነው። እኛም መሳሪያ ተጫዋቾቻችን ያጠኑትን ሁሉ በአንድ ምሽት የማቅረብ አባዜ ነበረብን። ያለ ዕረፍት ከሆነ ከ70 እስከ 75 ደቂቃ፣ ከዕረፍት ጋር ከሆነ ሁለት ጊዜ 40 ደቂቃና መሐሉ 20 ደቂቃ ይበቃል። ሪፖርተሩ እስከ መጨረሻው የሚቀመጠውም እንደዚያ ሲሆን ነው።

አሁን ወደ መግለጫው። የድሮዎቹን አውጥቼ ሳነብ አፍራለሁ። የመጀመሪያው አንቀጽ ስለ ቡድኑ አመሠራረት፣ ሁለተኛው የደጋፊዎች ስም ዝርዝር፣ ሦስተኛው «በዓይነቱ ልዩ የሆነ ታላቅ ምሽት»። ቀኑና ቦታው ሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ። መግለጫ አንድ ገጽ ነው፤ ከ250 እስከ 300 ቃል። የመጀመሪያው አንቀጽ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼና ለምን አሁን እንደሚጫወት ይናገራል። ጽሑፉ ራሱ ኢሜይሉ ውስጥ ይግባ እንጂ ተለጥፎ አይላክ፤ ስልክ ላይ የሚያነብ አርታኢ የተለጠፈ ፋይል አይከፍትም። የኢሜይሉ ርዕስ ላይ «ጋዜጣዊ መግለጫ» ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም፤ ቀኑንና ዋናውን ነገር ጻፉበት። ከግርጌ የሚቀመጠው የስልክ ቁጥር በኮንሰርቱ ምሽትም የሚነሳ ይሁን፤ መድረክ ላይ የሚቀመጠው ቫዮሊኒስት ስልክ አይሁን።

ከመላኩ በፊት አንድ ፈተና አለን። መግለጫውን ሙዚቃ ለማያውቅ ሰው ለግማሽ ደቂቃ እናስነብበውና እንቀማዋለን፤ ከዚያ ያነበበውን በቃሉ እንዲነግረን እንጠይቀዋለን። ቀኑንና «ለምን አሁን» የሚለውን መመለስ ካልቻለ ጽሑፉ እንደገና ይጻፋል። የመጀመሪያውን ጊዜ ስንሞክረው ሰውየው ያስታወሰው የደጋፊውን ድርጅት ስም ብቻ ነበር።

የሥራዎቹ ስም አጻጻፍ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሪፖርተሩን የሚያሳስተው በብዛት እሱ ነውና። «የሹበርት ኳርቴት» ብሎ መላክ ምንም እንዳልላኩ ይቆጠራል፤ ሰውየው ከአሥር በላይ ጽፏል። እንዲህ ጻፉት፤ «ፍራንዝ ሹበርት፣ ስትሪንግ ኳርቴት በዲ ማይነር፣ ዶይች 810፣ ‹ሞትና ልጃገረዷ›፤ አራት ክፍሎች፤ 40 ደቂቃ ያህል»። «ዲ 810» ብላችሁ በፊደል ብቻ ካስቀመጣችሁት ከዲ ማይነሩ ጋር ይምታታል። አንደኛው የሙዚቃው ቁልፍ ነው፤ ሌላኛው የሹበርትን ሥራዎች የዘረዘረው የኦቶ ኤሪክ ዶይች ስም ነው። የሞዛርት ቁጥሮችም እንዲሁ የእሱን ሥራዎች የዘረዘረው የኮሽል ናቸው። የኦፐስ (የሥራ) ቁጥር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የኅትመት ቅደም ተከተል እንጂ የድርሰት ዕድሜ አይደለም። የቤትሆቨን ሁለተኛ የተባለው የፒያኖ ኮንቸርቶ አብዛኛው ከአንደኛው ቀድሞ የተጻፈ ነው፤ ቁጥሩን አይቶ «ከመጀመሪያው በኋላ የበሰለ ሥራ» ብሎ የሚጽፍ ሪፖርተር በእናንተ ዝምታ ይሳሳታል። የደራሲውን ስም አንዴ «ባኽ» ካላችሁ ፖስተሩም፣ ቲኬቱም፣ ፕሮግራሙም «ባኽ» ይበል፤ አንዱ ላይ «ባች» ካለ አርታኢው ሁለት ሰው ይመስለዋል፣ ወይም ደግሞ እናንተን አያምንም።

ከስሙ በታች ሁለት ዓረፍተ ነገር ታሪክ ጨምሩ፤ ሪፖርተሩ ሳይፈራ የሚገለብጠው። ለምሳሌ ሹበርት ይህን ኳርቴት እ.ኤ.አ. በ1824 በጠና ታሞ ሳለ እንደጻፈው፣ ሁለተኛው ክፍል ላይ የሚሰማው ዜማም ከሰባት ዓመት በፊት በጻፈው መዝሙር ላይ ያለ እንደሆነ። ይህ ብቻ ለአንድ ርዕስ ይበቃል። «ሀርሞናዊ ጥልቀት» የምትል ሐረግ ግን ለማንም አትጠቅምም፤ እኔ ራሴ ጽፌያታለሁ፤ ምን ለማለት እንደፈለግሁ ዛሬም አላውቅም።

«ለምን አሁን?» የሚለው ጥያቄ ከባዱ ነው። የደራሲው ልደት ይህን ያህልኛ ዓመት ነው ማለት ደካማ መልስ ነው፤ በዚያ ዓመት ሁሉም የሚለው እሱን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሥራ ካለ መልሱ እሱ ነው። ከሌለ ሙዚቃው ራሱ ውስጥ ፈልጉ። የሞዛርትን የክላሪኔት ኩዊንቴት፣ ለክላሪኔትና ለአራት ባለገመድ መሳሪያዎች የጻፈውን፣ ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1789 የተጻፈው ለክላሪኔት ተጫዋቹ ለአንቶን ሽታድለር ነው፤ የሽታድለር ክላሪኔት ከተለመደው ወረድ ያሉ ድምፆች ነበሩት። የሞዛርት የእጅ ጽሑፍ ጠፍቶ የቀረው በተራው ክላሪኔት እንዲመች የተስተካከለው ነው። እንግዲህ ሁልጊዜ የምንሰማው ሙዚቃ ሞዛርት ላሰበው መሳሪያ የተጻፈው አይደለም ማለት ነው። የሙዚቃ ዕውቀት የሌለው አርታኢ ይህን ሲሰማ ወንበሩን ያስጠጋል። ክላሪኔቲስታችሁ ሁለቱን ዓይነት መሳሪያ ይዞ ፎቶ ቢነሳ ደግሞ ገጹ ተሠርቶ አለቀ።

ስለ ፎቶ ካነሳን፣ ጥቁር ልብስ ለብሰው ግድግዳ ተደግፈው የቆሙ አራት ሰዎች ሥዕል የትም አይወጣም። አርታኢው የሚፈልገው አንድ ሰው ሲሠራ የሚያሳይ፣ አግድም የሆነ፣ ወርዱ ቢያንስ 3000 ፒክስል የሆነ ሥዕል ነው። ከማኅበራዊ ሚዲያ የወረደ ፎቶ ማተሚያ ላይ ይፈርሳል። ፎቶውን በኮንሰርቱ ምሽት ሳይሆን በመጨረሻው ሙሉ ልምምድ ላይ፣ በኮንሰርቱ ልብስና በኮንሰርቱ መብራት አንሱት፤ የካሜራ ጠቅታ ዝግ ባለው የኳርቴቱ ክፍል ላይ እንደ ጥይት ይሰማል። ቀስት የያዘ እጅ እንዳይደበዝዝ የካሜራው መዝጊያ ፍጥነት ከ1/250 ሰከንድ ባያንስ ጥሩ ነው፤ መብራቱ ካነሰ የካሜራውን የብርሃን ትብነት (አይኤስኦ) ወደ 3200 ከፍ ማድረግ ከደበዘዘ እጅ ይሻላል። የኖታ ማስቀመጫው የተጫዋቹን ፊት ስለሚሸፍን ዝቅ አስደርጉት፣ ወይም ከጎን አንሱ። ከፎቶው ጋር የሰዎቹ ስም ከግራ ወደ ቀኝ፣ የያዙት መሳሪያና የፎቶግራፍ አንሺው ስም ይላክ። ቪዮላን፣ ከቫዮሊን ትንሽ ተለቅ የሚለውን መሳሪያ፣ ቫዮሊን ብሎ ያልጻፈ ጋዜጣ የለም፤ ከፎቶው ሥር ካልነገራችሁት በምን ይለየዋል?

ነገራችንን የገለበጠው ግን መግለጫውም ፎቶውም አይደለም፤ ጋዜጠኞችን ከኮንሰርቱ ይልቅ ወደ ልምምድ መጥራት መጀመራችን ነው። ልምምድ ቀን ላይ ነው፤ ለቴሌቪዥን ካሜራ ብርሃን አለው፤ ሪፖርተሩ አቁሞ መጠየቅ ይችላል፤ የገጽ መዝጊያ ሰዓትም አያስጨንቀውም። አርባ ደቂቃ ብቻ ጥሩአቸው። ስትመርጡ ሥራውን ከዳር እስከ ዳር የሚወጡበትን ቀን አትምረጡ፤ የሚጨቃጨቁበትን ቀን ምረጡ። ሁለተኛዋ ቫዮሊኒስት «እዚህ ጋ ትቸኩላለህ» ስትል፣ ቼሊስቱ (ቼሎ ተጫዋቹ) ሲሞግት፣ ስምንት ባር (አጫጭር የሙዚቃ ክፍልፋዮች) ሦስት ጊዜ በሦስት ዓይነት ፍጥነት ሲጫወቱት፣ ኖታ የማያውቅ ሰው እንኳ ልዩነቱን በጆሮው ይይዛል። ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ነገር ከፍርሃት የነጻ ነው፤ ያየውንና የሰማውን ነውና። ለካሜራ ባለሙያው አንድ ቦታ አስቀድማችሁ አሳዩት፤ ከቼሎው ፊት ለፊት ሳይሆን ከመጀመሪያው ቫዮሊን ጀርባ በኩል፤ ከዚያ ላይ የሌሎቹ ተጫዋቾች ፊት ይታያል።

ስልክም ይደወላል፤ ግን «መግለጫው ደርሷችኋል?» ለማለት አይደወልም። ይህ ጥያቄ አርታኢውን አለመክፈቱን እንዲናዘዝ ማስገደድ ነው። ጠዋት ከስብሰባቸው በኋላ ደውሉና አዲስ ነገር ንገሩ፤ የልምምዱን ቀን ለምሳሌ። አንድ ደቂቃ ይበቃል። ማምሻ ላይ፣ ገጽ በሚዘጋበት ሰዓት፣ በፍጹም አትደውሉ።

በምሽቱ ለሪፖርተር ሁለት ወንበር ያዙ፤ ከስድስተኛው እስከ አሥረኛው ረድፍ ባለው፣ በመተላለፊያው ጫፍ። የመጀመሪያው ረድፍ ክብር ይመስላል እንጂ ድምፁ የተዛባ ነው፤ ለመጻፍ ቀድሞ መውጣት ቢኖርበት ደግሞ ሰው ሁሉ ያየዋል። ፕሮግራሙን ከሰዓት በኋላ በኢሜይል ላኩለት። የክፍሎቹን ብዛት ፕሮግራሙ ላይ በግልጽ ጻፉ፤ ልማዱ ሥራው ሲያልቅ ብቻ ማጨብጨብ ቢሆንም፣ በክፍሎች መሐል ያጨበጨበ ሕዝብ አያሳፍርም፤ ዞሮ በቁጣ የሚያይ ታዳሚ ግን አዲሱን ሰው ዳግመኛ አያመጣውም፤ ሪፖርተሩም ከአዲሶቹ አንዱ ነው።

ሊጻፍ የሚገባው ሙዚቃው እንዲሆን ሌላው ነገር መበላሸት የለበትም። ፒያኖ ከሌላ ክፍል ተገፍቶ ከመጣ አዳራሹ ውስጥ ቢያንስ አንድ ቀን ይደር፤ ከዚያ በ440 ኸርዝ ይቃኝ፤ ከልምምዱ በኋላ በሩ ሳይከፈት ቃኚው አንዴ ይመለስበት። የመድረክ መብራት ሲበራ ሙቀት ይጨምራል፣ ገመዶችም ይረግባሉ፤ ስለዚህ የሚቃኘው መብራቱ በርቶ ነው። ለቼሊስት ክንድ የሌለው፣ ጎማ የሌለው ወንበር ያስፈልጋል፤ ወለሉ የሚያንሸራትት ከሆነ ለቼሎው ሹል እግር ማቆሚያ አዘጋጁ። አንድ ጊዜ ቼሎው ወደ ታዳሚው መንሸራተት ከጀመረ ምሽቱ የሚታወሰው በእሱ ነው።

ለሬዲዮ የሚሆን ቅጂ መያዝም እንደምታስቡት ውድ አይደለም። ሁለት አንድ ዓይነት ማይክሮፎን በአንድ ማቆሚያ ላይ፣ በመሐላቸው 17 ሳንቲ ሜትር፣ አፋቸው ወደ ግራና ቀኝ 110 ዲግሪ ተከፍቶ፣ ከኳርቴቱ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ርቆ፣ ከወለሉ ወደ ሦስት ሜትር ከፍ ብሎ። ቅጂው 48 ኪሎ ኸርዝና 24 ቢት ይሁን፤ በልምምድ ጊዜ ከፍተኛው ድምፅ መቅጃው ከሚችለው ጣሪያ 12 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ይስተካከል፤ ተጫዋች በሕዝብ ፊት ከልምምዱ ይልቅ ይጮኻል። የተጫዋቾቹን የጽሑፍ ፈቃድ ቀድማችሁ ያዙ። ለሬዲዮ ጣቢያ የሚላከው ሙሉ ቅጂው ሳይሆን ለብቻው የሚቆም የ90 ሰከንድ ቁራጭ ነው።

ኮንሰርቱ ባለቀ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ፎቶና የተጨማሪውን ሙዚቃ ስም ላኩ። በፕሮግራሙ ላይ ያልተጻፈውን፣ ከጭብጨባው በኋላ የተጫወቱትን። ለሪፖርተር ሁሉ በዕኩለ ሌሊት የሚጠፋበት እሱ ነው። ጽሑፉን ሳይወጣ አሳየን ብላችሁ አትጠይቁ። የወጣው ካልጣማችሁ ዝም በሉ፤ ስም ወይም ቀን ተሳስቶ ከሆነ ብቻ በሁለት መስመር አሳውቁ። መራራ ሂስ ከዝምታ ይሻላል፤ ሂሱን ያነበበ ሰው ቢያንስ ኮንሰርት እንደነበረ ያውቃል። እኛ አንድ ጊዜ ረጅም የተቃውሞ ደብዳቤ ጽፈን ያንን ጋዜጣ ለሁለት ዓመት አጥተነዋል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ማንም የማይመጣበት ምሽት ይኖራል። ያን ጊዜ ራሳችሁ ጻፉት፤ ከ300 እስከ 400 ቃል፣ ሳያድር። ምስጋና አይሁን፤ ምን ተጫወተ፣ የቱ ሰመረ፣ የቱ ሳተ፣ ስንት ሰው ነበረ። ራሱን የሚተች ጽሑፍ ሰው ያምነዋል፤ አንዳንድ አርታኢም ወስዶ ያትመዋል።

ያልተጻፈና ያልተቀዳ ሙዚቃ እንዳልነበረ ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ሥራዎቻቸውን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ በሸክላ አስቀርጸው ነበር። ዓለም በሰፊው ያወቃቸው ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራቸው የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃን በሲዲ በሚያወጣው የኢትዮፒክስ ተከታታይ 21ኛው ሆኖ ሲወጣ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት መሐል ሥራውን ያቆየው የጋዜጣ ጽሑፍ ሳይሆን ሸክላው ነው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ኮንሰርት አንድ ትልቅ ፖስታ አዘጋጁ። ሁለት ፕሮግራም፣ አንድ ቲኬት፣ የተጫወቱት ሰዎች ሙሉ ስም፣ እያንዳንዱ ሥራ የወሰደው ደቂቃ፣ የታዳሚው ቁጥር ይግባበት። የጋዜጣ ቁራጭ ካለ ስካን አድርጉት፤ ወረቀቱ በጥቂት ዓመት ይቢጫል፣ ሲታጠፍም ይሰበራል። ፋይሎቹን በዓመት፣ በወርና በቀን ሰይማችሁ በሁለት የተለያዩ ቤቶች አስቀምጡ። በታተሙት ፎቶዎች ጀርባ ስሞቹን ከግራ ወደ ቀኝ ጻፉ፤ በእርሳስ፣ ሳትጫኑ። ስክሪፕቶ ከሆነ ጽሑፉ በፊት በኩል የተጫዋቹ ጉንጭ ላይ ጎድጉዶ ይወጣል።